የሽቶ ዳኞች

ሽታን በተመለከተ ቋንቋችን ወደ ክፉው ያደላል። ለመጥፎው ቃል አላጣንም፤ ገማ፣ ከረፋ፣ ጠነባ፣ ሰነፈጠ እያልን እንደየደረጃው እንለየዋለን። «ሸተተ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር እንኳ ማንም አበባ አይታሰበውም፤ የሚታሰበው የከረመ ሥጋ ነው። ለመልካሙ ያሉን «አወደ» እና «መዓዛ» ናቸው፤ እነሱም እንደ ክት ልብስ ለቅዳሴና ለሠርግ ብቻ ከሣጥን የሚወጡ ናቸው። ይባስ ብሎ ሽታና ሽቶ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ሆነው ልዩነታቸው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት። ሽቶ የተቀባች ሴት ሁሉ ከቤቷ የምትወጣው በዚያች ፊደል ላይ ቆማ ነው። ሰው ገፋ ያደረጋት እንደሆነ ከሽቶ ወደ ሽታ ትወድቃለች። ገፊ ደግሞ ሞልቷል።

እዚህ የምንጽፈው ስለ አንድ ሽቶ ነው፤ ጣፋጭ፣ የአበባ፣ የሴት ሽቶ። ለቁም ነገር የማይበቃ ርእስ ነው የሚሉ እንደሚኖሩ እናውቃለን። ሆኖም ይህን ሽቶ ተቀብተን በወጣንባቸው ቀናት የተፈረደብን ፍርድ ከሽቶው ራሱ የከበደ ሆኖ ስላገኘነው፣ ሽቶውንም ዳኞቹንም አንድ ላይ ችሎት ልናቆማቸው ብዕር አነሣን።

እኛ አራት ነን። አንድ ዶርም፣ ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ መስተዋትና አንድ ሽቶ አለን። የአንዳችን ታላቅ እህት አረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሽቶውን የላከችልን እሷ ናት፤ ለእረፍት በመጣች ጓደኛዋ ሻንጣ ውስጥ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ ደረሰን። በላዩ የተለጠፈችው ቁራጭ ወረቀት «ለእናንተ» ትላለች፤ «ለአንቺ» አትልም። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ሽቶው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጋራ ሀብት ሆነ።

የጋራ ሀብት ሕግ ያስፈልገዋል። ጠርሙሱ 100 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አፉን አንድ ጊዜ ሲጫኑት የሚረጨው የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው ብንል፣ ያለን ሀብት 1,000 ጭነት ገደማ ነው ማለት ነው። አራት ሴቶች በየቀኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢረጩት በ125 ቀን ያልቃል። አንድ ሴሚስተር አለፍ ሲል ባዶ ጠርሙስ ታቅፈን እንቀራለን። ስለዚህ ተሰብስበን ወሰንን፡- ለቅዳሜ፣ ለዓመት በዓልና ክፍል ውስጥ ጽሑፍ ለምናቀርብበት ቀን ብቻ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ጭነት፤ ብድር የለም። አንዷ «ለቀጠሮስ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ፤ እስካሁንም እንደተላለፈ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ፤ ተቀብተን ወጣን። በካፌው ሰልፍ ላይ ከኋላችን የቆመች የክፍላችን ልጅ አፍንጫዋን ብድግ አድርጋ፣ «እንዴ! ይሄ የአረብ አገር ሽቶ አይደል እንዴ?» አለች። ድምጿ ክፉ አልነበረም። ክፉው ቃሉ ነው። «የአረብ አገር ሽቶ» የመልክዓ ምድር ስም አይደለም። የነጋዴ ሚስት ከዱባይ ያመጣችውን ሽቶ በዚህ ስም ሲጠሩት አልሰማንም። ስሙ የሚያመለክተው ሰው ቤት አገልግላ፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየገፋች ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆማ ዘመዶቿን በዓይኗ የምትፈልገውን ልጅ ነው። ጸጉሯን፣ ጥፍሯን፣ ወርቋን ሲያሟት ኖረው፣ የቀራትን ጠረኗን ለማማት የወጣ ቃል ነው።

ሁለተኛው ፍርድ በዓመት በዓል ቀን መጣ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ሳለ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉንና፣ «ልጆቼ፣ እዚህ እኮ ማወድ ያለበት ዕጣኑ ነው» አሉን። ተቆጥተው አይደለም፤ እንደ ወላጅ፣ ለሌላ ሰው ሳይሰማ ነው። ሦስተኛው የመጣው ከቤተ መጻሕፍት ነው። ፊት ለፊታችን የተቀመጠ አንድ ወንድ ተማሪ መጽሐፉን ከድኖ፣ «እናንተ ስትመጡ ማንበብ ይቀራል» አለን። ሙገሳ ይሁን ክስ ሳይለይልን ጥቂት ዝም አለና ጨመረበት፡- «የጨዋ ልጅ ሽቶ ቀለል ያለ ነው።»

ማታ በአልጋችን ላይ ሆነን ሦስቱን ፍርዶች አገላበጥናቸው። የክፍላችን ልጅ የፈረደችው በላኪዋ ላይ ነው። እናታችን የፈረዱት በቦታው ላይ ነው፤ በዚህ ደግሞ ከእሳቸው ጋር ክርክር የለንም፣ ዕጣን ባለበት ሌላ መዓዛ ይዞ መግባት የሰው ንግግር እንደማቋረጥ ነውና። ወንድማችን የፈረደው በእኛ ላይ ነው። በሽቶው ላይ የፈረደ ግን ማንም የለም! አንዳቸውም «ከዚህ ውስጥ ምኑ ጽጌረዳ ነው፣ ምኑ ስኳር ነው፣ ጥቂት ሲቆይስ ምን ይሆናል?» አላሉም። ጣፋጭ የአበባ ሽቶ ዕጣው ይህ ነው፤ ሰው ገና ሳያሸተው ያወቀው ይመስለዋል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሽቶ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

አበባ ዘይቱን በቀላሉ አይሰጥም። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3 እስከ 5 ቶን የሚደርስ የአበባ ቅጠል ያስፈልጋል። ቡልጋሪያ ውስጥ በካዛንላክ አካባቢ ለቀማው የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች ዘይቱ ይተናል። የእኛ አገር የጠምበለል ዘመድ የሆነው ጃስሚንም፣ በደቡብ ፈረንሳይ በግራስ ከተማ ዙሪያ እንዲሁ በማለዳ፣ እንዲሁ በእጅ ይለቀማል። እ.ኤ.አ. በ1930 ዣን ፓቱ የሚባለው የፓሪስ የፋሽን ቤት፣ አንሪ አልሜራ የቀመመውን «ጆይ» የተባለ ሽቶ አወጣ። ለአንድ አውንስ 10,600 የጃስሚን አበባና 28 ደርዘን ጽጌረዳ ገብቶበታል እያለ ያስተዋውቀው ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው በ1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወድቆ ሰው ሥራ አጥቶ ለዳቦ በሚሰለፍበት ወቅት ነው።

በእኛ ጠርሙስ ውስጥ ይህን ያህል አበባ አለ ብሎ የሚያምን የለም። ዋጋው አይፈቅድም። የእኛው አበባ ብዙውን የተሠራው በቤተ ሙከራ ነው። ይህ ግን ነውር አይደለም፤ ታላላቆቹም ይኸንኑ ያደርጋሉ። ሙጌ የሚባል፣ ፈረንሳዮች በየዓመቱ በግንቦት ወር መባቻ የሚሰጣጡት፣ ደወል የመሰለ ነጭ አበባ አለ። መዓዛው ውብ ነው፤ ሽቶ ለመሥራት የሚበቃ ዘይት ግን እምቢ ብሎ አይሰጥም። ኤድሞን ሩድኒትስካ የተባለው ቀማሚ አበባውን በግቢው ተክሎ እያሸተተ፣ ከሌሎች ቅመሞች አዋቅሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለክርስቲያን ዲዮር ቤት «ዲዮሪሲሞ»ን ሠራ። እስከ ዛሬም የሙጌ ሽታ ቁንጮ ተብሎ ይነገርለታል። አበባው ግን በውስጡ የለም። ሠዓሊ የሣለውን ፈረስ «አይጋልብምና ውሸት ነው» የሚለው ማን ነው?

ጣፋጩስ ከየት መጣ? እሱም ታሪክ አለው። ቫኒላ የሚሸተውን ቫኒሊን እ.ኤ.አ. በ1874 በቤተ ሙከራ የሠሩት ቲማንና ሃርማን የተባሉ ጀርመኖች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ኢቲል ማልቶል የሚባል ሌላ ቅመም መጣ፤ ሲያሸቱት ምጣድ ላይ የቀለጠ ስኳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኦሊቪየ ክሬስፕ ለቲየሪ ሙግለር ቤት «ኤንጀል»ን ሲቀምም ይህን ስኳር ያለ ስስት ጨመረበት። ብዙዎች መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ኋላ በርካታ የሴት ሽቶዎች ያንኑ መንገድ ተከተሉ። እንግዲህ «የአረብ አገር» ተብሎ የታማው ይህ ጣፋጭነት ትውልዱ ከጀርመን ቤተ ሙከራ፣ እድገቱ ከፓሪስ ነው። የክፍላችን ልጅ ይህን ብትሰማ ሽቶው ይጣፍጣት ነበር ወይ ብለን አስበናል። መልሱን ለእሷ እንተወው።

«ጨዋ» ላለን ወንድማችንም የምንነግረው አለን። ወንድም ዓለም፣ አበባ ራሱ ጨዋ አይደለም። በጃስሚን ውስጥ ኢንዶል የሚባል ነገር አለ፤ ይኸው ኢንዶል በዓይነ ምድር ውስጥም ይገኛል። ሲበዛ ይከረፋል። ጨርሶ ከወጣ ደግሞ ጃስሚኑ ጃስሚን መሆኑ ይቀርና የታጠበ ሸሚዝ ይሆናል። አበባውን ሕይወት የሚሰጠው ያ የምናፍርበት ነገር ነው፤ በልኩ ሲሆን።

ዝባድም እንዲሁ ነው። ዝባድ ከጥርኝ ጭራ ሥር ካለ ዕጢ የሚወጣ ቅባት ነው። በጥሬው ያሸተተው ሰው ፊቱን ያዞራል። በአልኮል ተበርዞ፣ ጠብታው አንሶ አበባ ሥር ሲቀመጥ ግን አበባውን ያሞቀዋል፣ ዕድሜውንም ያረዝምለታል። ይህን ቅባት ለዓለም ሽቶ ቀማሚዎች በዋናነት ስታቀርብ የኖረችው አገራችን ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን የሊሙ እናርያ ዝባድ ጎጃም ውስጥ በባሶ ገበያ አልፎ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። በኋላም ከጅማ፣ ከኢሉባቦርና ከወለጋ በከብት ቀንድ እየታሸገ ወደ ፈረንሳይ ተጓዘ። ያ የአሥር ሺህ አበባው «ጆይ» ከሥሩ ዝባድ ነበረበት። የዝባድን ምሥጢር፣ ሲቬቶን የሚባለውን የሽታውን ዋና ንጥረ ነገር አሠራር፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የገለጠው ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ቀማሚዎች የሚጠቀሙት በቤተ ሙከራ የተሠራውን ነው። በጠባብ የእንጨት ጎጆ ታስሮ በየጥቂት ቀኑ ለሚፋቀው ጥርኝ ይህ ደግ ነገር ነው።

እኛን የገረመን ግን ስሙ ነው። ዝባዱ በቀንድ ታሽጎ ከገበሬው ጓሮ ሲወጣ ሠራተኛ እንጂ ስም አልነበረውም። በክሪስታል ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥ የፈረንሳይ ስም ወጣለት። ያን ጊዜ «ኧረ ይሄ የእናርያ ሽቶ ነው!» ብሎ አፍንጫውን የያዘ የለም። የእኛ ጠርሙስ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የሠራው ፋብሪካ ስም በትልቁ ተጽፎበታል፤ የሚጠራው ግን በተሸከመችው ሴት ነው፤ እሱም ለስድብ። ስም ለመልካም ሲሆን ለሸጪው፣ ለሐሜት ሲሆን ለሠራተኛዋ ይሰጣል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ሽቶውን ራሱን ካልዳኘን ከከሳሾቻችን አንሻልም። ላኪዋን እንወዳታለንና ሽቶው ያምራል ብንል እሱም አድልዎ ነው። ስለዚህ በአንድ እሑድ፣ ከሕጋችን ውጪ በልዩ ውሳኔ፣ ችሎት ተቀመጥን። ሽንኩርት አልከተፍንም፤ ቡናም አላፈላንም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንድ ጭነት በነጭ ወረቀት፣ አንድ በነጠላ ጫፍ፣ አንድ አንድ ደግሞ በእያንዳንዳችን አንጓ ላይ አሳረፍን። አንጓን ከአንጓ ማሸት ከለከልን።

በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሽቶው ይጮሃል። ይህን አንደብቅም። ከረሜላ ነው፣ የበሰለ ፍሬ ነው፣ ልጅ የሚያለቅስበት ዓይነት ስኳር ነው። ወረቀቱን ያሸተተችው «ጥርሴን አመመኝ» አለች። 5 ሰዓት ሲሆን ጩኸቱ በረደ፤ ጃስሚኑና የብርቱካን አበባው ብቅ አሉ። እዚህ ላይ ጉድለት አለበት፤ አበባው ሳሳ ያለ ነው፤ ከኋላው ግድግዳ እንደሌለው መጋረጃ ይመስላል። 7 ሰዓት ላይ፣ ከምሳ መልስ፣ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ስኳሩ ወደ ቫኒላ፣ አበባው ወደ ታጠበ ገላ ተለወጠና ሁለቱ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ያለው ቅርብ፣ ለስላሳ፣ አንገት ሥር ካልገቡ የማይሰማ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ወረቀቱ ባዶ ሆነ። ነጠላው ግን በሦስተኛው ቀንም ያወድ ነበር።

ከአራታችን አንጓ የተገኘውም አራት ምስክርነት ነው። ቆዳዋ ደረቅ በሆነው ላይ ከቀትር አላለፈም። ከገላ መታጠብ በኋላ ቅባት በምትቀባው ላይ እስከ ማታ ቆየ። በአንዷ ላይ ፍሬው ትንሽ ወደ መኮምጠጥ አለ። በአራተኛዋ ላይ፣ ምክንያቱን እንጃ፣ ሽቶው ከመጀመሪያውም አልጮኸም፤ ልክ የሷ ይመስላል። ወረቀት ላይ ብቻ አሽትቶ የሚፈርድ ሰው እንግዲህ የዳኘው ወረቀት ነው።

ሌላም ነገር ተማርን። መጀመሪያ የሚሰለቸው የባለቤቷ አፍንጫ ነው። ዕጣን በሚጨስበት ቤት ጥቂት የተቀመጠ ሰው ዕጣኑ እንደሚጠፋበት፣ ሽቶ የተቀባችም ሴት ትንሽ ቆይቶ ሽቶዋ ይጠፋባታል። ጠፋ ብላ ትጨምራለች፤ እሷ አንድ ስትል ጎረቤቷ ሦስት ይደርሰዋል። «ሽቶዋ ገደለን» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። መድኃኒቱ ከመጨመር በፊት ጓደኛን መጠየቅ ነው። አራት ሆኖ ማደር እዚህ ላይ ጠቀመን።

አንድ ክርክር ግን በዚያ እሑድ ተነሥቶ እስከ ዛሬ አላለቀም። ከእኛ አንዷ፣ ከሁላችን የከፋ ችግር ቤቷ ያለባት፣ «ሽቶው ጥሩ ነው፤ ግን ገንዘቡን ብትልከው ኖሮ ለእናቷ አንድ ጆንያ እህል አይሆንም ነበር ወይ?» አለች። ዝም አልን። ጥያቄው የቆየ ነው። በቢታንያ ቤት ውስጥ ሴቲቱ የናርዶሱን ሽቱ ስታፈስ ቤቱ በመዓዛ ሞላ፤ ወዲያው ዋጋ የሚያሰላ ሰው ተገኘ፤ 300 ዲናር አወጣለት፤ ለድሆች ይሁን አለ። ጓደኛችን ግን ይሁዳ አይደለችም። ኪስ ይዛ አይደለም የምትናገረው፤ ስለ እህል የምታውቀውን ስለምታውቅ ነው። ስለዚህ አልተቆጣናትም፤ ጥያቄውን ከነክብሩ ወደ ላኪዋ ላክነው።

መልሱ ከሳምንት በኋላ በስልክ በድምፅ መጣ። ማሽን እየታጠበበት ያለ ክፍል ውስጥ ሆና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው። «ለእማዬማ በየወሩ እልካለሁ፤ እሱን አልነካሁም» ብላ ጀመረች። ቀጠለች፡- «የማዳም ሽቶ ትሪ ላይ አሥራ ሰባት ጠርሙስ አለ። በየቀኑ አንድ በአንድ እያነሣሁ አቧራ እጠርጋለሁ። መቀባት ክልክል ነው። ማሽተት ግን ማን ይከለክለኛል? ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ይሄኛው ጠዋት ሲረጩት ይጮሃል፤ አልወደውም ነበር። ማታ መጋረጃ ልዘጋ ስገባ ግን ክፍሉ ውስጥ የሚቆየኝ እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ሄደዋል። ለዚያ ነው እሱን የገዛሁት። እኔማ እጄ በረኪና በረኪና ነው የሚለው፤ እናንተ ጋ እንኳ ደህና ነገር ይሽተት ብዬ ነው።»

ድምፁ ካለቀ በኋላ ስልኩን የያዘችው አላስቀመጠችውም። እኛ በወረቀት፣ በነጠላና በአንጓ፣ በሰዓት እየጻፍን የደረስንበትን ፍርድ፣ ይህች ሴት በአቧራ መጥረጊያ ጨርቅ ቀድማን ደርሳበታለች። ጩኸቱን ታውቃለች፤ የማታውንም ታውቃለች። ከዳኞች ሁሉ እስከ ማታ የጠበቀች እሷ ብቻ ናት፤ ለዚያውም ተቀብታው አታውቅም። «የአረብ አገር ሽቶ» ማለት ይህ ከሆነ፣ ስሙን እንቀበለዋለን፤ የስድቡን ድምፅ ግን ለተናጋሪው እንመልሳለን።

የእህሉ ጥያቄ መልስ አገኘ አንልም። ጓደኛችን መልእክቱን ሰምታ፣ «እንዲያም ቢሆን...» አለችና ተወችው። ያቺ «እንዲያም ቢሆን» በዶርማችን ውስጥ አለች፤ ጠርሙሱን ባነሣን ቁጥር እንሰማታለን፤ ብትኖርም ይሻላል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ሆኖልናል። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ቤት ስታጸዳ የምትውል ሴት የሚያስፈልገውን ብቻ ሳይሆን የሚያስደስተውንም የመላክ መብት አላት። እህል ብቻ እንድትልክ መፍረድ እሷንም እህል ብቻ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ሽቶው ጣፋጭ ነው፤ ሲጀምር ከመጠን ያለፈ ጣፋጭ። አበባው መካከል ላይ ይሳሳል። ማለቂያው መልካም ነው፤ ከመልካምም በላይ ነው። ለተጨናነቀ ታክሲ፣ ለቤተ ሙከራና ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም። ለቤተ መጻሕፍት የሚሆነው ከመግባት ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ከተረጨ ነው፤ በዚህ ወንድማችን ከግማሽ ክሱ ተረትቷል፣ በግማሹ ረትቷል። ክረምት ላይ፣ ብርድ ልብስ ከነጠላ በላይ ሲደረብ፣ ስኳሩ ይረጋና አበባው ይሞቃል፤ ያኔ ነው ወጉ። ቅባት ከተቀቡ በኋላ ይረጩት፤ አንድ ጭነት ይበቃል፤ ሁለተኛው ለነጠላ ጫፍ።

ከዛሬ ጀምሮ በሰልፍ ላይ አፍንጫውን ብድግ አድርጎ «የምን ሽቶ ነው?» ለሚለን ሰው መልሳችን አጭር ነው። እጅህን አምጣ እንለዋለን፤ ከሕጋችን ላይ አንዲት ጭነት ቀንሰን አንጓው ላይ እንረጭለታለን። አሁን ምንም አትበል፤ ሂድ፣ ተማር፣ ምሳህን ብላ፣ አራት ሰዓት ያህል ቆይተህ ተመለስና ያኔ ንገረን እንለዋለን።